የ500 ብሩ ድግሪ፦ የትምህርት ዘርፍና የደመወዝ ታሪክ በኢትዮጵያ

እስቲ በአንድ ቀላል ማካፈል እንጀምር። በደርግ ዘመን የመጀመሪያ ድግሪውን ይዞ መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ ወጣት መነሻ ደመወዙ 500 ብር ነበር። ቤታችሁ ውስጥ የዚያ ዘመን ምሩቅ ካለ ጠይቁት፤ ቁጥሩን እስከ ዛሬ አይረሳውም። በዚያው ዘመን የመንግሥት ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 50 ብር ነበር። 500 ሲካፈል ለ50፣ 10።

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ የድግሪ መነሻ 11,500 ብር፣ ዝቅተኛው ደመወዝ ደግሞ 6,000 ብር ሆኗል። ስናካፍለው 1.9 ገደማ ይመጣል። ከማሻሻያው በፊት የነበረውማ 6,940 ለ4,760 ነው፤ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም።

ይህ ማለት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በዝቅተኛው እርከን ላይ ባለ ሠራተኛና በአዲስ ምሩቅ መካከል የነበረው የአሥር እጥፍ ርቀት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከሁለት እጥፍ በታች ወርዷል። ወላጆች «ብቻ ድግሪህን ያዝ» የሚሉት ያንን የአሥር እጥፍ ዘመን ስለሚያውቁ ነው። እናንተ ደግሞ ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደረጃ ስትወጡ የምታዩት ሌላ ነው፤ በአንድ ብሎክ የባንክ ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ ሲቪል ኢንጂነርና ራይድ የሚሠራ ሰው ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ራይድ የሚሠራውም ድግሪ ያለው ሊሆን ይችላል። ታዲያ ሁሉም «ተምረው» ሳለ ገቢያቸው ለምን ይህን ያህል ተለያየ? «ምን ብማር ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄስ መልስ አለው? መልሱ ከኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ይልቅ በታሪክ ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል።

ፈረንሳይኛ ዋጋ ባለው ጊዜ

ዘመናዊው ትምህርት ከመምጣቱ በፊትም የትምህርት ዘርፍ ነበረ። ከቤቱ ወጥቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ዜማ፣ ቅኔና ትርጓሜ የሚማረው የቆሎ ተማሪ እንደ ሙያው የተለያየ የቤተ ክርስቲያን ሹመትና መተዳደሪያ ይጠብቀው ነበር። ደመወዝ የሚባለው ነገር ከትምህርት ጋር የተጋባው ግን ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከተከፈተ በኋላ ነው። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በጊዜው የነበሩት አቡነ ማቴዎስ የውጭ ትምህርት ወደ ሌላ ሃይማኖት እንዳይወስድ ስለሰጉ፣ እንደ መሀል መንገድ የተገኘው መፍትሔ ይህ ነበር።

እዚያ የሚሰጠው ዋናው ትምህርት ቋንቋ ነው። ዛሬ «ቋንቋ ተምሮ ምን ሊሆን ነው?» ትሉ ይሆናል። የዚያን ጊዜ ግን ሥራ የሚሰጠው ማን እንደነበር እዩ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ እናንተ ከምትኖሩበት አጠገብ በአቃቂ በኩል አልፎ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቷል፤ የኩባንያው ቋንቋም ፈረንሳይኛ ነው። ፖስታው፣ ጉምሩኩ፣ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚደረገው ደብዳቤ ሁሉ አስተርጓሚና ጸሐፊ ይፈልጋል። ፈረንሳይኛ የሚያነብና የሚጽፍ ልጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ፈረንሳይኛ በጊዜው እንደ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ነበር ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ከዚያ ጣልያን ገባ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተለይ የተማረው ወጣት እየተለቀመ ተገደለ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ አገሪቱ የተማረ ሰው በእጅጉ አጥሯት ነበር፤ ጥቂት ክፍል የቆጠረ ሁሉ ቢሮ ይገባ ጀመር። የሚገርመው ግን ሌላው ነው፦ ከእንግሊዞች መምጣት ጋር የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ፈረንሳይኛን ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረ ሰው ዕውቀቱ አንድም ፊደል አልቀነሰም፤ ገበያው ግን ከሥሩ ተነሥቶ ሄደ። የአንድ ዘርፍ ዋጋ በዘርፉ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ሳይሆን ዘርፉ ከገበያው ጋር ሲገናኝ የሚወለድ ነገር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ከኛ ታሪክ አላውቅም።

መንግሥት ብቸኛው ቀጣሪ ሲሆን

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ መሪው ሉሲየን ማት የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ነበሩ። በዚያው በ1940ዎቹ የምሕንድስና ኮሌጁ፣ የስዊድኖች ድጋፍ ያለው የሕንፃ ኮሌጅ፣ የጎንደር የጤና ኮሌጅና የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተከታተሉ። ዝርዝሩን ልብ ብላችሁ ካያችሁት እያንዳንዱ ኮሌጅ ጀርባ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቆሟል። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም መሐንዲስ ይፈልጋል፤ ጤና ሚኒስቴር የጤና መኮንን ይፈልጋል፤ እርሻ ሚኒስቴር አግሮኖሚስት ይፈልጋል። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተሰባስበው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በዚሁ ዓመት ገደማ የማዕከላዊ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ደመወዝ በትውውቅ ብቻ የሚወሰን መሆኑ ቀርቶ በደረጃና በእርከን መጻፍ ጀመረ። የትምህርት ማስረጃ ከደመወዝ ቁጥር ጋር በሰንጠረዥ የታሰረው በዚህ ጊዜ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ድግሪ ብቻ አልነበረም ጥሩ የሚያስከፍለው። የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ በኋላ ኮሜርስ የተባለው፣ ያስመረቃቸው ልጆች ያለ ድግሪ ባንክና አየር መንገድ ይገቡ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ቴክኒክና ሙያን እንደ ወዳቂ መጠለያ ማየት የቅርብ ጊዜ ልማድ መሆኑን እንድታውቁ ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የግል ድርጅቶች ሲወረሱ ቀጣሪው አንድ ብቻ ሆነ። ምሩቁ ሥራ አይፈልግም፤ ይመደባል። ጂኦግራፊም ተማረ ስታቲስቲክስ፣ 500 ብሩ ያው 500 ብር ነው፤ እንደ ሕክምናና ምሕንድስና ብዙ ዓመት የሚወስዱት ከፍ ብለው ይጀምራሉ እንጂ የሰማይና የምድር ልዩነት አልነበረም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ምደባው የት ነው? አዲስ አበባ ወይስ ሩቅ አውራጃ? መሥሪያ ቤቱ አበል አለው? ወደ ሶቪየት ኅብረት ወይ ወደ ምሥራቅ ጀርመን የሚልክ ስኮላርሺፕስ? በቁጥር ያልተጻፈው ጥቅም ከተጻፈው ይበልጥ የሚፈለግበት ጊዜ ነበር።

እዚህ ላይ የአያቶቻችሁን ናፍቆት በጥንቃቄ እንድትሰሙ እለምናችኋለሁ። በይፋዊው ምንዛሪ አንድ ዶላር 2.07 ብር ስለነበር 500 ብር ወደ 240 ዶላር ይጠጋል። ያ ገንዘብ ግን የጥቂቶች ነው። «ማትሪክ» የሚሉትን ፈተና አልፎ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ከብዙዎች ጥቂት ነበር፤ ዋጋውን ያቆመውም ያ ጥቂትነት ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩ ዓመታት ሲቆጠሩ ሳይነቃነቅ ቆየ፤ ገበያው ግን አልቆመም።

በ1985 ዓ.ም. ብር ከ2.07 ወደ 5 ብር በዶላር ተመነዘረ፤ ዝቅተኛው ደመወዝም 105 ብር ሆነ። ምደባውም በነዚያ ዓመታት ቀረ። ምሩቅ በኢትዮጵያ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት «ሥራ ፈላጊ» የሚል ስም ወጣለት። በ1986 ዓ.ም. የተሰበሰበ የከተማ ቤተሰቦች ጥናት ላይ የተመሠረተ የፒተር ሰርኒልስ ትንተና አንድ እንግዳ ነገር አገኘ፦ ከ15 እስከ 30 ዓመት ካሉ የከተማ ወንዶች ግማሽ ያህሉ ሥራ የላቸውም፤ የሥራ አጥነቱ አማካይ ርዝመት ወደ አራት ዓመት ይጠጋል፤ ሥራ ያጡት ደግሞ በአብዛኛው ድሆቹ ሳይሆኑ የተማሩትና የመካከለኛ ኑሮ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ የሚጠብቁት የመንግሥት ሥራ ነው። ሥራ አጥነቱ የወረፋ ባሕርይ ነበረው ማለት ነው፤ ወረፋ ላይ መቆም የሚችለው ደግሞ ቤተሰቡ የሚያበላው ነው።

ከባንክ ወደ ብሎኬት

ያን ጊዜ ነው ዘርፍ በእውነት መለያየት የጀመረው። በ1986 ዓ.ም. የባንክ ሥራ ለግል ባለሀብት ተፈቀደ፤ አዋሽን የመሳሰሉ ባንኮች ተከፈቱ። አካውንቲንግና ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሁለት ሦስት ቀጣሪ የሚጫረትበት ሆነ። ታሪክ ወይም ፍልስፍና የተማረው ግን አሁንም አንድ ቀጣሪ ብቻ ነው ያለው፤ መንግሥት። የደመወዝ ልዩነት ከሚወለድባቸው መንገዶች ዋናው ይህ ነው፦ ለአንድ ሙያ ስንት በር አለ? ጥበቡ ወይም ክብደቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅኔ የሚቀኝ ሰው ከማንም በላይ ሀብታም በሆነ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የግንባታ ዘመን ነው፤ እሱን የምትኖሩበት ሕንፃ ራሱ ይነግራችኋል። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ዓላማው ቤት ብቻ አልነበረም፤ ሥራ መፍጠርም ነበር። ብሎኬት የሚያመርቱ፣ ብረት የሚያጥፉ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ መስመር የሚዘረጉ ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ እየተደራጁ ገቡ። እያንዳንዱ ሳይት ፎርማን፣ ሳይት ኢንጂነርና አማካሪ ይፈልጋል። በተመሳሳይ ጊዜ መንገዱ፣ ግድቡ፣ ባቡሩ፣ አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው እየተሠሩ ነው። ሲቪል ኢንጂነር ተፈላጊ ሆነ፤ ተማሪውም፣ ወላጁም፣ መንግሥትም ይህን አየ።

መንግሥት ያየበት መንገድ ነው ነገሩን የቀየረው። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ 70 በ30 የተባለው የቅበላ ምጣኔ መጣ፤ ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ። ከ70ው ውስጥ ኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂ ብቻውን 40ውን ይይዛል። ደርግ ሲወድቅ ከአስመራ ውጪ የነበሩት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ናቸው፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ከገላን ብዙ ሳይርቅ ቂሊንጦ ላይ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው በዚሁ ማዕበል ነው። በሕክምናም እንዲሁ፤ በ2004 ዓ.ም. 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ።

ሪቻርድ ፍሪማን የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1976 የአሜሪካን መሐንዲሶች ደመወዝ አጥንቶ «የሸረሪት ድር» የሚባለውን ሞዴል አሳይቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ዛሬ የመሐንዲስ ደመወዝ ከፍ ይላል። ተማሪዎች ይህን አይተው ይጎርፋሉ። ግን መሐንዲስ ለመሆን አራት አምስት ዓመት ይፈጃል። ሁሉም በአንድ ላይ ሲመረቁ ገበያው ይሞላና ደመወዙ ይወርዳል። ታናናሾቻቸው ይህን አይተው ይሸሻሉ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ እጥረት ይሆናል። በወረቀት ላይ ሲሳል መስመሩ እየዞረ የሸረሪት ድር ይመስላል። የዛሬን ደመወዝ አይቶ ዘርፍ የሚመርጥ ተማሪ የሚመርጠው ትናንትን ነው፤ የሚመረቀው ደግሞ ከነገ ወዲያ።

እኛ ጋ ድሩን የሚያደራው ተማሪው ብቻ ሳይሆን የምደባ ኮታውም ጭምር ነው። ስለዚህ ውጣ ውረዱ ይበልጥ ይሰፋል። ግንባታው በውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ በሲሚንቶ ዋጋና በጦርነቱ ምክንያት ሲቀዘቅዝ፣ በሞቀው ጊዜ የገቡት መሐንዲሶች በብዛት እየወጡ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ኮብልስቶን የሚጠርቡ ወጣቶች ወሬ ከዚያም ቀድሞ የሰማችሁት ነው። ሐኪሞችም ቢሆኑ «መቼም ሥራ አያጡም» ከተባሉበት ዘመን ተመርቆ ቅጥር መጠበቅ ወዳለበት ዘመን ደረሱ፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ከፊል የሥራ ማቆም አድርገዋል። በኔ አስተያየት የ70 በ30 ዋና ስሕተት ሳይንስን መውደዱ አይደለም። የሠለጠነ ሰው ብዛት ቀጣሪን በራሱ ይወልዳል ብሎ ማሰቡ ነው። ፋብሪካው ሳይተከል መካኒካል ኢንጂነሩ ቀድሞ ደረሰ።

ዘርፉ ነው ወይስ ሰውየው?

እስካሁን ሳንነካው ያለፍነው አንድ ወጥመድ አለ። ሐኪም ከታሪክ ምሩቅ የበለጠ ያገኛል እንበል። ልዩነቱ የመጣው ከሕክምና ትምህርቱ ነው ወይስ መጀመሪያውኑ ሕክምና የሚገቡት ከፍተኛ ውጤት ያላቸው፣ ምናልባትም የተሻለ ትምህርት ቤት የተማሩ ልጆች ስለሆኑ? ሁለቱን አማካይ ደመወዞች ብቻ ብናወዳድር ይህን መለየት አንችልም። «እገሌ ኢንጂነሪንግ ተምሮ ሀብታም ሆነ» የሚለው ወሬም በዚሁ ድካም ይሠቃያል፤ እገሌ ሕግ ቢማርም ይበለጽግ ይሆናልና።

ከወጥመዱ የሚያወጣ ብልሃት ያገኙት ኪርከቦን፣ ሊውቨንና ሞግስታድ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ናቸው፤ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የኖርዌይ ጥናት ነው። ኖርዌይ ውስጥ ተማሪ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ማዕከላዊ ሥርዓት በነጥብ ይመድባል። ሲሰማ የኛን አይመስልም? መቁረጫ ነጥቡን በጥቂት ያለፈና በጥቂት የወደቀ ልጅ በችሎታ ሊለያዩ አይችሉም ማለት ይቻላል፤ የለያያቸው ዕድል ነው። አንዱ የመጀመሪያ ምርጫው ይደርሰዋል፣ ሌላው ወደ ሁለተኛው ይወርዳል። ከዓመታት በኋላ ገቢያቸውን ማወዳደር የዘርፉን እውነተኛ ውጤት ያሳያል።

ያገኙት ነገር ለእናንተ ሁለት ቁም ነገር አለው። አንደኛ፣ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ይልቅ ምን ዓይነት ዘርፍ ተማርክ የሚለው በገቢ ላይ ይበልጥ ይመዝናል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚዘልለው ነው፦ «ኢንጂነሪንግ ስንት ያስገኛል?» የሚል ጥያቄ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ «ከምን ሌላ?» ተብሎ መጨመር አለበት። አንድን ዘርፍ ቢዝነስን ትቶ የገባበትና መምህርነትን ትቶ የገባበት ሰው የሚያገኙት ትርፍ የተለያየ ነው። ከዚህም ሌላ ሰዎች በአብዛኛው የሚሻላቸውን፣ የሚያውቁበትን ዘርፍ እንደሚመርጡ ጥናቱ አሳይቷል። ሒሳብ የሚያስጨንቀው ልጅ የጎበዞችን አማካይ ደመወዝ አይቶ ኢንጂነሪንግ ቢገባ አማካዩ አይደርሰውም።

የድግሪው ብዛት ደግሞ ሌላ ለውጥ አምጥቷል። ማይክል ስፔንስ የተባለው የኖቤል ተሸላሚ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳለው ማስረጃ ከዕውቀት ባሻገር ምልክት ነው፤ ቀጣሪ ውስጥህን ማየት ስለማይችል ወረቀትህን ያያል። ድግሪ የጥቂቶች በነበረበት ዘመን ወረቀቱ ብቻውን ይናገር ነበር። ሁሉም ሲይዘው ዝም አለ፤ ቀጣሪውም ሌላ ምልክት መፈለግ ጀመረ፦ ውጤት፣ የዩኒቨርሲቲው ስም፣ ልምድ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና አንዱ ትርጉሙ ይሄ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ጨካኝ ቁጥር ነው፤ ላለፉት ግን የጠፋውን ምልክት በከፊል መልሶላቸዋል።

አንድ የመጨረሻ ጥናት ልንገራችሁ፤ ይሄኛው የተሠራው እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከከተማው መሐል ራቅ ብለው በሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ወጣቶቹን በዕጣ ከፋፈሏቸው። አንዱ ቡድን ሥራ ፍለጋ ወደ መሐል ከተማ የሚመላለስበት የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠው። ሌላው ቡድን አጭር ሥልጠና ወሰደ፤ ሲቪና ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚመለስ ተማረ፤ ችሎታውም ተፈትኖ ለቀጣሪ የሚያሳየው የምስክር ወረቀት ተሰጠው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱም ረዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን ሥልጠናና ምስክር ወረቀት ያገኙት ገቢያቸው በ20 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ከሌሎቹ ያነሰ ትምህርት ያላቸውና በገበያው የሚገፉት ናቸው። የትራንስፖርት ገንዘቡ በገቢ ላይ የተወው ምልክት አልነበረም።